ለፒኮክ ባስ ወደ ሪዮ ኔግሮ የሚደረግ ጉዞ፦ ወቅቱንና ውሃውን እንዴት እንምረጥ?

የቦዩ ዳር (ፎርት ላውደርዴል)

ለመድረኩ አባላት ሰላምታዬ ይድረሳችሁ።

የምኖረው ደቡብ ፍሎሪዳ ውስጥ ነው፤ ከሥራ መልስ በሠፈራችን ቦዮች ዳር ፒኮክ ባስ የተባለውን ዓሣ ማጥመድ ከጀመርኩ ዓመታት ተቆጥረዋል። እኛ ዘንድ ያለው ሲክላ ኦሴላሪስ የሚባለው አነስተኛ ዝርያ ስለሆነ ሁለት ኪሎ የሞላው ሁሉ እንደ ትልቅ ይታያል። አሁን ግን የቤተሰቡን ትልቁን ዝርያ፣ ሲክላ ቴመንሲስን፣ በተፈጥሮ መኖሪያው ላገኘው እፈልጋለሁ። በዓለም አቀፍ መዝገብ የሰፈረው የዚህ ዝርያ ክብረ ወሰን 13.19 ኪሎ ግራም ሲሆን፣ የተያዘውም እ.ኤ.አ. በ2010 ብራዚል ውስጥ፣ ሳንታ ኢዛቤል ዶ ሪዮ ኔግሮ በተባለው አካባቢ ነው። ታላቅ ወንድሜም ከአዲስ አበባ በሳኦ ፓውሎ በኩል በርሮ የብራዚል የሪዮ ኔግሮ ወንዝ ዳር ከተማ በሆነችው ማናውስ ላይ ሊገናኘኝ ተስማምተናል።

የጠየቅኋቸው የማጥመድ ጉዞ አዘጋጆች በሙሉ ወቅቱ ከመስከረም እስከ መጋቢት እንደሆነ ይነግሩኛል። ይህ ግን ከዓመቱ ከግማሽ በላይ ነው፤ ለአንድ ሳምንት ጉዞ ለዓመታት ያጠራቀመ ሰው ከዚህ የጠበበ መልስ ያስፈልገዋል። በዚህ ረጅም ጊዜ ውስጥ የትኛውን ወር፣ በየትኛውስ የወንዙ ክፍል ልምረጥ? ለቦይ ዓሣ የገዛሁት ዕቃስ እዚያ ያገለግለኛል?

ጥቁር ውሃ (ሂውስተን)

ወንድም የቦዩ ዳር፣ በመጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባውን ጠይቀዋል። ይህ ጉዞ የሚሳካውም የሚበላሸውም በውሃው ከፍታ ስለሆነ፣ ከዘንጉም ከክሩም ከማረፊያ ጀልባው ምቾትም አስቀድሞ መጠናት ያለበት እርሱ ነው።

ሪዮ ኔግሮ ማናውስ ወደብ ላይ በዓመቱ ዝቅተኛና ከፍተኛ ደረጃዎች መካከል በአማካይ 10 ሜትር ገደማ ልዩነት ያሳያል። ሲሞላ ከዳርቻው አልፎ ደኑን ያጥለቀልቃል። ብራዚላውያን ኢጋፖ በሚሉት በዚህ ውሃ በዋጠው ጫካ ውስጥ ትንንሽ ዓሦች ፍሬና ነፍሳት ፍለጋ ይበተናሉ፤ በአገሩ ቱኩናሬ የሚባለው የእኛ ዓሣም ተከትሏቸው ይገባል። በዛፎች መካከል ርቆ የገባን ዓሣ በመንጠቆ ማግኘት እጅግ አስቸጋሪ ነው። ውሃው ሲጎድል ግን ጫካው ይደርቅና ዓሣው ሁሉ ወደ ሐይቆቹ፣ ወደ ጎን ቦዮቹና ወደ አሸዋማው ዳርቻ ተገፍቶ ይወጣል፤ ትልቁ ቱኩናሬም ሐይቆቹ ከወንዙ በሚገናኙበት አፍ ላይና በወደቁ ግንዶች ሥር ያደባል። አዘጋጆቹ ወቅት የሚሉት ይህንን ነው፤ የሚለካውም በቀን መቁጠሪያ ሳይሆን በሜትር ነው።

ብዙ ተጓዦችን የሚያሳስተው ደግሞ የማናውስን መለኪያ አይቶ፣ በዚያው ወንዝ ላይ ሽቅብ ርቃ ወዳለችው የማጥመጃ ከተማ ወደ ባርሴሎስ የሚደረገውን ጉዞ መወሰን ነው። ማናውስ ኔግሮ ከሶሊሞይስ (ብራዚላውያን ከማናውስ በላይ ያለውን አማዞን የሚጠሩበት ስም) ጋር ከሚቀላቀልበት ቦታ አጠገብ ያለች ከተማ ስለሆነች፣ በዚያ የሚነበበውን ከፍታ በአብዛኛው የሚወስነው ከአንዲስ ተራሮች የሚመጣው የሶሊሞይስ ውሃ ነው፤ እርሱ ሲሞላ ኔግሮን መውጫ አሳጥቶ ወደ ኋላ ይገፋዋል። በዚህም ምክንያት ማናውስ ላይ ወንዙ ዝቅ የሚለው ብዙውን ጊዜ በጥቅምትና በኅዳር ነው። ወደ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ ርቃ የምትገኘው ባርሴሎስ ግን የኔግሮን የራሱን የሰሜን ተፋሰስ ዝናብ ስለምትከተል፣ በብዙ ዓመታት ዝቅተኛው ጊዜ እስከ ጥርና የካቲት ይዘልቃል። ከማዴይራ ወንዝ ጋር የተያያዙት የደቡብ ገባሮች ደግሞ ከሁሉም ቀድመው ስለሚጎድሉ፣ በዚያ በኩል ማጥመዱ በሐምሌና በነሐሴ ይጀመራል። ሥራቸውን የሚያውቁ አዘጋጆች የጎደለውን ውሃ ተከትለው ከደቡብ ወደ ሰሜን የሚዛወሩት በዚህ ምክንያት ነው።

በጉድለቱ ወራትም ቢሆን ሬፒኬቴ የሚባል ነገር አለ። በላይኛው ተፋሰስ የጣለ ብርቱ ዝናብ ወንዙን ለጥቂት ቀናት ድንገት ከፍ ያደርገዋል፤ ዓሣውም ወዲያው ወደ ጫካው ጠርዝ ይመለሳል። ይህንን ማንም አስቀድሞ ሊያስቀረው ስለማይችል፣ የእኔ ምክር በአንድ ገባር ወንዝ ላይ ከታሰረ ቋሚ ሎጅ ይልቅ መንቀሳቀስ የሚችል ማረፊያ ጀልባ እንዲመርጡ ነው። ባርሴሎስ ዙሪያ ዴሚኒ፣ አራካ፣ ካውሬስና ኪዊኒ ስላሉ፣ አንዱ ሲነሳ ሌላው ገና ዝቅ ብሎ ሊገኝ ይችላል።

ዝቅ ያለ ውሃ ሁሉ መልካም ነው ማለቴ ግን አይደለም። ማናውስ ላይ ልኬት ከተጀመረበት እ.ኤ.አ. ከ1902 ወዲህ ከፍተኛው ደረጃ በ2021 ሰኔ ላይ የተመዘገበው 30.02 ሜትር ሲሆን፣ በ2023 ወንዙ ወደ 12.70 ሜትር፣ በ2024 ደግሞ ወደ 12.11 ሜትር ወርዷል። እንዲህ ባለው ድርቅ ጀልባዎች በአሸዋ ላይ ይቀራሉ፤ ዓሣውም ጥልቀት በሌለውና በሞቀ ውሃ ውስጥ ስለሚጨነቅ፣ በዚያ ሁኔታ በመንጠቆ ማድከሙ ለእኔ ተገቢ አይመስለኝም።

መንገደኛው (ሲልቨር ስፕሪንግ)

በጥቁር ውሃ ማብራሪያ ላይ የጉዞውን ጉዳይ ብቻ ልጨምር። የአሜሪካ ፓስፖርት የያዘ ሰው እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 10 ቀን 2025 ጀምሮ ወደ ብራዚል ለመግባት ቪዛ ስለሚጠየቅ እርስዎም ወንድምዎም ማመልከቻችሁን አስቀድማችሁ ጨርሱ። የቢጫ ወባ ክትባት ቢያንስ ከጉዞው 10 ቀን በፊት መወሰድ አለበት፤ ወንድምዎ ሲመለሱም ማስረጃውን ሊጠየቁ ስለሚችሉ ቢጫውን ካርድ ከፓስፖርታቸው አይለዩት። የኔግሮ ውሃ አሲዳማ በመሆኑ ትንኝ ይቀንሳል የሚባለው እውነት ቢሆንም ባርሴሎስ አካባቢ የወባ በሽታ አለ፤ ስለ መከላከያ መድኃኒቱ ከሐኪም ጋር ሳይነጋገሩ አይሂዱ።

ሌላው የትንንሽ አውሮፕላኖች ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 16 ቀን 2023 ዓሣ ለማጥመድ የሚሄዱ መንገደኞችን ይዞ ከማናውስ የተነሣ አውሮፕላን በከባድ ዝናብ ባርሴሎስ ሲያርፍ ተከስክሶ የተሳፈሩት 14 ሰዎች በሙሉ ሞተዋል። ነፍሳቸውን ይማር። አየሩ ሲበላሽ አብራሪው እንዲቸኩል የሚገፋው ብዙ ጊዜ የመንገደኛው የተጣበበ ፕሮግራም ነውና፣ ማናውስ ላይ ከጉዞው በፊትም በኋላም ትርፍ ቀን ይያዙ።

ዘንግና ክር (ዴንቨር)

ስለ ዕቃው እኔ ልመልስ። ለቦዮቹ የሚጠቀሙበት ቀላል ዘንግ ለትንንሾቹ የቱኩናሬ ዝርያዎች ያገለግላል፤ ለትልቁ ግን አይበቃም። ትልቁ ቱኩናሬ መንጠቆው እንደነካው የሚሮጠው ወደ ግልጽ ውሃ ሳይሆን ወደ ግንዱ ሥር ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ካልተያዘ ክሩን ግንዱ ላይ ጠምጥሞ ይበጥሰዋል። ስለዚህ ጠንከር ያለ ዘንግ፣ ጥሩ ፍሬን ያለው መጠምጠሚያ፣ ከ50 እስከ 80 ፓውንድ የሚችል የተጎነጎነ ክርም ይያዙ። ሰው ሠራሽ ማጥመጃዎቹ ላይ ፋብሪካው የገጠማቸው መንጠቆዎችና ቀለበቶች ብዙውን ጊዜ ቀጭን ስለሆኑ በወፍራም ሽቦ በተሠሩት ይተኩ።

ከማጥመጃዎቹ ሁሉ ስሙ የገነነው ከኋላው ፕሮፔለር ያለውና በውሃው ገጽ ላይ እየጮኸ የሚጎተተው ነው። ዓሣው በዚህ ላይ ሲዘል የሚያሰማው ድምፅ ብዙ ሰው ለዚህ ጉዞ የሚከፍልበት ምክንያት ነው፤ ነገር ግን ቀኑን ሙሉ እርሱን መጎተት ትከሻንና የእጅ አንጓን ክፉኛ ያደክማል። ከጎኑ ሁልጊዜ በፀጉር የተሠራ፣ ጂግ የተባለው ወደ ውሃው የሚሰምጥ ማጥመጃ ተዘጋጅቶ ይቀመጥ፤ ዓሣው የገጹን ማጥመጃ ስቶ ሲመለስ፣ ጂጉን ወዲያው በዚያው ቦታ የጣለ ሰው ብዙ ጊዜ ያገኘዋል። ሌሊት ለመሞከር ደግሞ አይድከሙ፤ ይህ ዓሣ የሚመገበው በዓይኑ እያየ በቀን ብርሃን ነው።

የቦዩ ዳር (ፎርት ላውደርዴል)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በተለይ የማናውስና የባርሴሎስ መለኪያ ልዩነት ማንም አዘጋጅ ያልነገረኝ ነገር ነው።

ወንድሜ ያነሣውን አንድ ጥያቄም እዚሁ ላቅርብ። ይህ ዓሣ ሙቀት ይወዳል፣ ሥጋውም ጣፋጭ ነው፣ የሚከታተሉትም ገንዘብ የሚያወጡ ጎብኚዎች ናቸው። የፍሎሪዳ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1984 ሆን ብሎ ወደ ቦዮቻችን የለቀቀው ከውጭ ገብተው የበዙትን ቲላፒያዎች እንዲቀንስለት ሲሆን፣ ዛሬ ብዙ አስጎብኚዎች የሚኖሩበት ሥራ ሆኗል። የእኛ አገር ሐይቆች ላይ ይህንኑ ማድረግ ለወጣቶች እንጀራ አይሆንም ወይ?

የጣና ልጅ (ባሕር ዳር)

የተከበሩ የቦዩ ዳር፣ የወንድምዎ ሐሳብ ከመልካም ልብ እንደመነጨ አምናለሁ፤ ይሁን እንጂ በሙሉ ኃይሌ እቃወመዋለሁ።

ይህ ነገር ፓናማ ውስጥ ተሞክሯል። የቻግሬስ ወንዝ ተገድቦ በተፈጠረው የጋቱን ሐይቅ ውስጥ ፒኮክ ባስ የገባው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ፣ ለኩሬ ከመጡ ዓሦች አምልጦ ነው። ሁለት ተመራማሪዎች በ1973 ባሳተሙት ጥናት በሐይቁ ውስጥ የተለመዱ ከነበሩት አገር በቀል ትንንሽ ዓሦች አብዛኞቹ በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንደጠፉ፣ በእነርሱ ይኖሩ የነበሩ ወፎችም እንደቀነሱ አሳይተዋል፤ የትንኝ እጮችን የሚበሉት ዓሦች ከጠፉ በኋላም የወባ ሥጋት ተነሥቶ ነበር። በምሥራቅ አፍሪካም ናይል ፐርች በ1950ዎቹ ቪክቶሪያ ሐይቅ ውስጥ ከተለቀቀ በኋላ በመቶ የሚቆጠሩ ዝርያዎች ከሐይቁ እንደጠፉ ይታወቃል።

የጣናን ነገር ደግሞ ለይቼ ልናገር። እኛ በጥቅሉ ነጭ ዓሣ የምንለው ለሰዎች አንድ ዓሣ ይመስላቸዋል፤ በሳይንስ ግን ላቤኦባርበስ ከሚባለው ወገን 15 ገደማ ዝርያዎች በዚህ አንድ ሐይቅ ውስጥ ተለይተዋል። ከእነርሱም ሌሎች ዓሦችን አድነው የሚበሉ ብዙዎች ናቸው፤ በክረምት ወደ ርብ፣ ወደ ጉማራና ወደ መገጭ ሽቅብ ወጥተው እንቁላል የሚጥሉም አሉ። ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው የዓባይ ውሃ ለይቶ ስላቆያቸው አብዛኞቹ በሌላ የዓለም ክፍል የማይገኙ ናቸው። በዓለም ላይ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር የኖረው የፊሊፒንሱ የላናው ሐይቅ የዓሣ ቤተሰብ ነበር፤ እርሱ ከልክ በላይ በማስገርና ከውጭ በገቡ ዓሦች ጠፍቷል። ጣና ላይ ያሉት ሕገ ወጥ መረብና እንቦጭ አልበቃ ብሎ፣ ጫጩቶቻቸውን የሚውጥ እንግዳ አዳኝ በላያቸው ላይ ይጨመር ማለት ለእኔ ሊታሰብ የማይገባ ነገር ነው።

የቦዩ ዳር (ፎርት ላውደርዴል)

የተናገሩትን በክብር እቀበላለሁ። ነገር ግን ፍሎሪዳ ላይ እንዲህ ያለ ጥፋት ለምን አልተሰማም? ይህን የምጠይቀው ለክርክር ሳይሆን ለወንድሜ በቂ መልስ ለመስጠት ነው።

ጥቁር ውሃ (ሂውስተን)

የፍሎሪዳ ቦዮች በሰው እጅ የተቆፈሩና አስቀድመው በባዕድ ዓሦች የተሞሉ ናቸው። ከሁሉ በላይ ግን ብርዱ አጥር ሆኖላቸዋል። ይህ ዓሣ ውሃው ከ15 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሲወርድ ስለሚሞት ከደቡብ ምሥራቁ ጥግ አልፎ ወደ ሰሜን ሊስፋፋ አልቻለም፤ እ.ኤ.አ. በ2010 መጀመሪያ በመጣው ብርድም ብዙ ዓሣ አልቋል። የመንግሥት ባለሙያዎቹ ይህንን ወሰን አውቀው ነው የለቀቁት። በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ግን ይህን ዓሣ የሚያቆመው ብርድ የለም።

ቱኩናሬ የቆሮሶ የሥጋ ዘመድ መሆኑንም ወንድምዎ ቢያውቁት መልካም ነው፤ በስሙ ባስ ቢባልም ሁለቱም ከሲክሊድ ቤተሰብ ናቸው። እንደ ቆሮሶ ሁሉ እርሱም ልጆቹን ይጠብቃል፤ ወንዱና ሴቷ አብረው ለሳምንታት ስለሚከላከሉላቸው ጫጩቶቹ በብዛት ያድጋሉ። በባዕድ ውሃ ውስጥ ፈጥኖ የሚራባበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

የባሮ ልጅ (ሚኒያፖሊስ)

ለወንድምዎ ከዚህ የተሻለ መልስ አለኝ። ኃይለኛ ዓሣ በመንጠቆ ለመግጠም የሚሹ ከሆነ ናይል ፐርች በጫሞ፣ በአባያና በባሮ ከጥንት ጀምሮ የኖረ የአገር ዓሣ ነው፤ ማንም ያላመጣው ስለሆነ ማንንም አያጠፋም። ጫሞ ላይ አዞና ጉማሬ ስላሉ ያለ አገሬው ባለ ጀልባ መግባት አይገባም እንጂ፣ ለወጣቶቹ እንጀራ የሚሆነው በዚህ ዓሣ ላይ በጥንቃቄ የተመሠረተ ጉብኝት ነው ብዬ አምናለሁ።

ወደ ኔግሮ ስለመሄድዎ ግን አንድ ልመና አለኝ፤ እኔም ሄጄበታለሁና ያየሁትን ልናገር። ዘጠኝና አሥር ኪሎ የደረሰ ቱኩናሬ ብዙ ዓመት የኖረ ወላጅ ነው። እርሱን በታችኛው መንጋጋው ብቻ ይዞ ወደ ላይ አንጠልጥሎ ፎቶግራፍ መነሣት መንጋጋውንና የውስጥ አካሉን ይጎዳል፤ አንድ እጅ ከሆዱ ሥር አድርጎ በአግድም መያዝ፣ ከውሃ ውጭም የሚቆይበትን ጊዜ ማሳጠር ይገባል። መንጠቆው ላይ ወደ ኋላ የዞረውን ሹል በፒንሳ ጨፍልቀው ይሂዱ፤ ለዓሣውም ለራስዎ እጅም ይበጃል። በጭንቅላቱ ላይ ጉብታ ያወጣ ወንድ ካገኙ የመራቢያ ጊዜው ላይ ስለሆነ በተቻለ ፍጥነት ከያዙበት ቦታ ይልቀቁት፤ ጥቂት ደቂቃ ከጫጩቶቹ ከራቀ ፒራኛና ሌሎች ዓሦች ይፈጇቸዋል።

ሰዎች የማይጠብቁት ነገር ደግሞ ዶልፊኑ ነው። ቦቶ የሚባለው ሮዝ ቀለም ያለው የወንዝ ዶልፊን ጀልባዎችን ተከትሎ መሄድ ለምዷል፤ ደክሞ የተለቀቀውን ዓሣ ወዲያው ይቀበለዋል። ጥሩ መሪ ዶልፊን ሲያይ ዓሣውን ውሃ በተሞላ መያዣ አቆይቶ፣ ጉልበቱ ሲመለስ ጥልቀት በሌለው ዳርቻ፣ ከግንድ ሥር ይለቅቀዋል ወይም ቦታውን ለቅቆ ይሄዳል። መሪዎ ይህን ካላደረገ እርስዎ ይጠይቁት። አሸዋ ላይ ሲወርዱም እግርዎን እያንሸራተቱ ይራመዱ፤ ስቲንግሬይ የተባለው ጠፍጣፋ ባለ መርዝ ጅራት ዓሣ አሸዋው ውስጥ ተቀብሮ ይተኛል።

የባርሴሎስ ሰዎች ለብዙ ዘመን የኖሩት ለቤት ውስጥ ገንዳ የሚሸጡትን ካርዲናል ቴትራ የተባሉ ትንንሽ ዓሦች እየያዙ ነበር፤ ያ ገበያ ሲዳከም ብዙዎቹ ወደ ጀልባ መሪነት ገብተዋል። ትልቁ ዓሣ በሕይወት መመለሱ የእነርሱ የነገ ደመወዝ ስለሆነ፣ ከፎቶግራፉ ይልቅ የመሪውን ቃል ያስቀድሙ።

የቦዩ ዳር (ፎርት ላውደርዴል)

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ። ወንድሜ ይህን ሁሉ አንብቦ ሐሳቡን ትቷል፤ በሚቀጥለው ዓመት ጫሞ ላይ አብረን እንድንወርድም ጠይቆኛል። ለአሁኑ ባርሴሎስን መነሻ አድርገን በጥር አጋማሽ፣ በሚንቀሳቀስ ማረፊያ ጀልባ ለመሄድ አስበናል። የቀረኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ ክፍያው ወራት አስቀድሞ ስለሚጠየቅ፣ ውሃው እንዳሰብነው ባይሆን ምን ዓይነት ውል ልያዝ? የወንዙንስ ሁኔታ ከፍሎሪዳ ሆኜ በምን ልከታተል?

ጥቁር ውሃ (ሂውስተን)

ወሩን በደንብ መርጠዋል። ከአዘጋጁ ጋር ሲዋዋሉ ሦስት ነገሮችን በጽሑፍ ይቀበሉ፦ ውሃው ቢነሳ ጀልባው ወደ የትኞቹ ገባሮች የመሄድ ፈቃድ እንዳለው፣ ጉዞው ፈጽሞ የማይቻል ቢሆን ገንዘቡ ወደ ሚቀጥለው ወቅት ይተላለፍ እንደሆነ፣ የዓሣ ማጥመድ ፈቃዱንስ ማን እንደሚያወጣ። ከገባሮቹ አንዳንዶቹ የነባር ሕዝቦች መሬት ስለሆኑ፣ ያለ ማኅበረሰቡ ስምምነት የሚገባ አዘጋጅ ምንም ያህል ዓሣ ቢያሳይዎ ከእርሱ ጋር አይሂዱ።

ውሃውን ለመከታተል የብራዚል የጂኦሎጂ አገልግሎት ስለ አማዞን ወንዞች ከፍታ በየሳምንቱ የሚያወጣውን ዘገባ ያንብቡ፤ ጽሑፉ በፖርቱጋልኛ ቢሆንም ሠንጠረዡ በቀላሉ ይነበባል። ከማናውስ ረድፍ ይልቅ ባርሴሎስን፣ ከእርሱም በላይ ያለውን ሳኦ ጋብሪኤል ዳ ካሾይራን ይመልከቱ። ሳኦ ጋብሪኤል ላይ የተነሣ ውሃ ባርሴሎስ ለመድረስ ቀናት ስለሚፈጅበት፣ ከመነሣትዎ በፊት ባለው ሳምንት እዚያ የሚያዩት ቁጥር ጀልባው ወደ የትኛው ገባር ይሂድ በሚለው ላይ ከአዘጋጁ ጋር ለመነጋገር ጊዜ ይሰጥዎታል።